መንገድ ላይ መቆምና መንገድ መዝጋት

በአማርኛ ችሎት ላይ የሚቀመጠውም «ዳኛ» ነው፤ ፊሽካ ይዞ ሜዳ ላይ የሚሮጠውም «ዳኛ» ነው። ፈረንጆቹ ለሁለቱ ሥራ ለየብቻ ስም አውጥተዋል። እኛ አላወጣንም። ይህን የቋንቋ ድህነት ነው የሚሉ አይጠፉም። እኛ በበኩላችን አባቶቻችን አውቀው ያደረጉት ይመስለናል። ለሁለቱም የሚቀርብላቸው ጥያቄ አንድ ነውና፤ «ይህ ሰው አጥፍቷል ወይስ አላጠፋም?» ከዚያ ደግሞ የባሰው ጥያቄ ይከተላል፤ «ሳያስበው ቢሆንስ?»

ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። ማስረጃ አድርገን የምናቀርበው ግን ቤዝቦልን ነው። አዎ፣ ቤዝቦል! በፊልም ካልሆነ በቀር የማናየው፣ አንዱ ዱላ ይዞ ቆሞ ሌላው ኳስ የሚወረውርበት፣ ለሦስት ሰዓት ምን እየተደረገ እንደሆነ የማይገባን የአሜሪካኖች ጨዋታ። «ለነቀምቴ ልጅ ቤዝቦል ምን ይሠራለታል?» የሚል አንባቢ ትንሽ ይታገሰን። በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በነጆም ሆነ በሻምቡ ሜዳ ዳር ለምንነሳው ጠብ የዚህ ጨዋታ የሕግ መጽሐፍ አንድ ጥሩ መልስ አለው።

ሳይበቅል የቀረው ጨዋታ

ቤዝቦል ወደ አገራችን የሚመጣበት መንገድ አጥቶ አይደለም የቀረው። አሜሪካኖች ወለጋን የሚያውቋት ከብዙዎቻችን አያቶች መወለድ በፊት ነው። የፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮናውያን ሰዮ፣ የዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1919 ነበር። አስመራ ላይ ደግሞ የአሜሪካ ወታደሮች ከ1943 እስከ 1977 (እ.ኤ.አ.) የሬዲዮ ጣቢያ ነበራቸው። በኋላ ላይ ኮሪያ በዘመተው የቃኘው ሻለቃ ስም «ቃኘው ጣቢያ» የተባለው ማለት ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ ወታደሮቹ የአገራቸውን ጨዋታ እርስ በርስ ይጫወቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች በአንድ ጊዜ ኢትዮጵያ ገብተው በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ተበተኑ። ነቀምቴም ድርሻዋን አግኝታለች።

ሚሲዮናውያኑ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ተዉልን። የሰላም ጓዶቹ እንግሊዝኛና ሂሳብ ተዉልን። ቤዝቦሉን ግን ይዘውት ሄዱ። ለምን ቢባል፣ ቦታውን ኳስ ቀድሞ ይዞታል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከተመሠረተ (1928 ዓ.ም.) ቆይቷል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1957 ካርቱም ላይ ከሱዳንና ከግብፅ ጋር የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ ተጫውታለች። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን አንስታለች። ዋንጫ ያነሳ አገር ልጅ ኳሱን ጥሎ ዱላ ይዞ የሚቆምበት ምክንያት አልነበረውም።

ዱላ ይዞ መቆሙም ቢሆን ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የገና ጨዋታ አለ። በኦሮሞው ዘንድ «ቂሌ» የሚባለውም የዚያው ዘመድ ነው። የተቆለመመ ዱላ፣ ክብ ሩር፣ ሁለት ወገን፣ ሰፊ ሜዳ። በቀድሞው ገና የተጫዋች ቁጥር የተወሰነ አልነበረም፤ ሰፈር ከሰፈር፣ መንደር ከመንደር ይጋጠማል። መንገድ የዘጋ፣ የተጋፋ፣ ቅልጥሙ የተመታ ሰው ምን ይደረግለታል? ለዚህ የተሰጠው መልስ አንዲት ምሳሌ ናት፤ በገና ጨዋታ ጌታም አይቆጣም። ማለትም ዛሬ ዱላ ቢያርፍብህ ቻለው፤ ነገ ሁሉም ወደየቦታው ይመለሳል። ደስ የሚል መልስ ነው፤ ግን የሕግ መልስ አይደለም። ዛሬ የባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ገናን እንደ ትግልና እንደ ገበጣ ሁሉ ደንብ አውጥቶለት በዳኛ ያጫውተዋል። ቤዝቦልም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው፤ ከ«ቻለው» ወደ «ሕጉ ምን ይላል?»።

ሦስት ሰዎች በአንድ ምንጣፍ ላይ

ጨዋታውን ለማያውቅ እንደሚከተለው እናሳጥረው። ሜዳው ላይ አራት ማረፊያዎች አሉ፤ «ቤዝ» ይባላሉ። በአንዱና በቀጣዩ መካከል 27 ሜትር ተኩል ገደማ አለ። ወርዋሪው ኳሱን ይወረውራል፤ መቺው በዱላ ይመታል ወይም ይስታል፤ ከመቺው ኋላ የተቀመጠው ተቀባይ ኳሱን በጓንቱ ይይዛል። ዳኛው ከተቀባዩ ትከሻ በላይ አንገቱን አስግጎ ያያል። እንግዲህ መቺ፣ ተቀባይና ዳኛ ከአንድ ትንሽ ምንጣፍ በማትበልጥ ቦታ ላይ ተደራርበው ነው የሚሠሩት።

ነገሩ የሚመጣው አንደኛው ቤዝ ላይ የቆመው የመቺው ጓደኛ ኳሱ ሲወረወር ጠብቆ ወደ ሁለተኛው ቤዝ ሲፈተለክ ነው። ይህ «መስረቅ» ይባላል፤ ሕጋዊ ሌብነት ነው። ተቀባዩ ኳሱን ይዞ፣ ብድግ ብሎ፣ ወደ 39 ሜትር ርቆ ወዳለው ሁለተኛ ቤዝ መወርወር አለበት። ለዚህ ሁሉ ያለው ጊዜ ሁለት ሰከንድ ገደማ ነው። ከፊቱ ደግሞ መቺው አለ። ዱላውን ሰንዝሮ ስቶ ሰውነቱ የተወላገደ፣ ሚዛኑን ስቶ ወደፊት የተንገዳገደ ሊሆን ይችላል። ተቀባዩ ክንዱን ሲያነሳ መቺው ላይ ያርፋል። ኳሱ የትም ይሄዳል። ሌባው በሰላም ይገባል።

መቺው አጥፍቷል?

የሕግ መጽሐፉ ለመቺው ቤት ሠርቶለታል። በኖራ የተሰመረ ሳጥን ነው፤ ስፋቱ አራት ጫማ፣ ርዝመቱ ስድስት ጫማ። በእኛ ልክ 1.2 በ1.8 ሜትር ነው፤ የአንድ ሰው ፍራሽ ከዚህ ብዙ አይተናነስም። ደንቡ (ዛሬ 6.03(a)(3) ተብሎ የሚጠራው፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2014 ድረስ 6.06(c) የነበረው) የሚለው በእኛ አማርኛ ሲጠቃለል ይኸው ነው፤ መቺው ከሳጥኑ ወጥቶ፣ ወይም በሌላ በማንኛውም እንቅስቃሴ፣ የተቀባዩን ሥራ ካሰናከለ ከጨዋታ ይወጣል፤ ሯጮቹም ወደነበሩበት ይመለሳሉ።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው ሕጉ ያልጻፈውን ቃል ነው። «ሆን ብሎ» አይልም። ዳኛው የመቺውን ልብ እንዲመረምር አልተጠየቀም። የተጠየቀው እግሩን እንዲያይ፣ ወገቡን እንዲያይ፣ የተቀባዩን ክንድ እንዲያይ ነው። መቺው «ኧረ በእግዜር፣ ሚዛኔን ስቼ ነው!» ቢል እውነቱን ሊሆን ይችላል። ግን ሚዛን መሳቱ ራሱ እንቅስቃሴ ነው። ተቀባዩን ካሰናከለው በቃ።

በሌላ በኩል ሳጥኑ ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ምንም ያልተንቀሳቀሰ መቺ ተቀባዩ ቢጋጨው በተለምዶ ጥፋተኛ አይባልም። ቦታው የእሱ ነው፤ ተቀባዩ ዞሮ ይወርውር። ሳጥኑ ግን እንደ ጥንቱ ቤተ ክርስቲያን የገባበትን ሁሉ የሚያስጥል መማፀኛ አይደለም። ለምሳሌ ኳሱ ከተቀባዩ አምልጦ ርቆ ሄዶ፣ ከሦስተኛ ቤዝ የተነሳ ሯጭ ወደ መጨረሻው ቤዝ እየመጣ ሳለ፣ መቺው ለመውጣት በቂ ጊዜ እያለው እንደ ሐውልት ተገትሮ ከቀረ ያስጠይቀዋል። ያን ጊዜ አለመንቀሳቀሱ ነው ጥፋቱ።

ሁለት ተጨማሪ ነገሮች። አንደኛ፣ መቺው ቢያሰናክልም ተቀባዩ እንደምንም ወርውሮ ሯጩን ካስወጣ ጥፋቱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ስለዚህ ዳኛው ጥፋቱን በእጁ ጠቁሞ ይጠብቃል፤ ቀድሞ አያስቆምም። በእኛ ኳስ «አድቫንቴጅ» የምንለው የዚህ ወንድም ነው። ሁለተኛ፣ መቺው በኃይል ሰንዝሮ ስቶ ዱላው ዞሮ ከኋላ ተቀባዩን ሳያስበው ቢመታው፣ ኳሱ ይሞታል፤ ሯጩም ይመለሳል፤ መቺው ግን በዚያ ብቻ አይወጣም። በደረሰው ነገር ማንም አይጠቀም፤ በደረሰው ነገር ማንም አይቀጣ። ይህን ሐረግ ያዙት፤ እንመለስበታለን።

ሁለት ምሽቶች

ሕግ ወረቀት ላይ ቆንጆ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 1975 ሲንሲናቲ ከተማ ላይ ግን ላሪ ባርኔት የተባለ ዳኛ ወረቀቱ ብቻ እንደማይበቃ አየ። የዓመቱ ታላቅ ፍጻሜ («ወርልድ ሲሪስ» የሚሉት) ሦስተኛ ጨዋታ ነበር፤ ሲንሲናቲ ሬድስ ከቦስተን ሬድ ሶክስ። 5 ለ 5 ሆነው ወደ አሥረኛው ዙር ገብተዋል። የሲንሲናቲው ኤድ አርምብሪስተር ኳሱን በዱላው ገፋ አድርጎ አጠገቡ ጣላት። ኳሷ ነጥራ ወደ ላይ ወጣች። አርምብሪስተር ለመሮጥ ተነሳ፤ ለአንድ አፍታም አመነታ። የቦስተኑ ተቀባይ ካርልተን ፊስክ ኳሷን ሊይዝ ሲመጣ ተጋጩ። ፊስክ ተላቅቆ ወደ ሁለተኛው ቤዝ ወረወረ፤ ኳሱ ግን አልፎ ሜዳው መሃል ገባ። ሯጮቹ ሁለተኛና ሦስተኛ ቤዝ ደረሱ። ባርኔት ጥፋት የለም አለ። ጥቂት ቆይቶ ጆ ሞርጋን መትቶ ሲንሲናቲ 6 ለ 5 አሸነፈች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለብን። አርምብሪስተር ኳሷን ከመታ በኋላ «መቺ» መሆኑ አብቅቶ ሯጭ ሆኗል፤ የሚዳኘውም በሌላ አንቀጽ ነው። ሁለቱም ሕጋዊ መንገድ ላይ ነበሩ። ፊስክ ኳስ ሊይዝ፣ አርምብሪስተር ወደ አንደኛ ቤዝ ሊሮጥ። ባርኔት ግጭቱን ሆን ተብሎ የተደረገ ማሰናከል አድርጎ አላየውም። በኋላም ለዳኞቹ ብቻ የተሰጠ የውስጥ መመሪያ መኖሩ ተሰማ፤ ኳስ ሊያነሳ የወጣ ተቀባይና ወደ አንደኛ ቤዝ የሚነሳ መቺ ቢጋጩ በአብዛኛው ጥፋት የለም የሚል። ይህ ሐሳብ ዛሬ በይፋ በሕግ መጽሐፉ ማብራሪያ ውስጥ ይገኛል። ያን ሌሊት ግን ተመልካቹ አያውቀውም፤ ተጫዋቹም አያውቀውም፤ የቴሌቪዥኑ ተንታኝም አያውቀውም። ውጤቱ ምን ሆነ? ዳኛው የግድያ ዛቻ ደረሰው። ሕጉን ሕዝቡ ሳያነበው ቀርቶ፣ ዕዳው ሕጉን ባነበበው ሰው ላይ ወደቀ።

ሁለተኛው ምሽት ለእኛ ሰዎች ቀረብ ይላል፤ የእኛ ሰው በብዛት በሚኖርባት ዋሽንግተን ነው የሆነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 12 ቀን 2017፣ ዋሽንግተን ናሽናልስ ከቺካጎ ከብስ፤ አሸናፊው የሚያልፍበት አምስተኛ ጨዋታ። የቺካጎው ሃቪየር ባዬዝ ሦስተኛውን ኳስ ሰንዝሮ ሳተ። ኳሱ ግን በተቀባዩ በማት ዊተርስ እግሮች መካከል ሾልኮ አለፈ። የባዬዝ ዱላ ዞሮ የዊተርስን ጭንብል መታ። ዊተርስ ኳሱን ተከትሎ ሮጦ ቢወረውርም በአንደኛው ቤዝ አልፎ ሄደ፤ ቺካጎም ተጠቀመች። ዳኛው ጄሪ ሌን ኳሱ አስቀድሞ ተቀባዩን አልፎ ስለነበር የዱላው ንክኪ ለውጥ አላመጣም ብለው አለፉት። ብዙዎች የሕጉ ቃል «ኳሱ ይሞታል» ነው የሚለው ብለው ተከራከሩ። ዋሽንግተን 9 ለ 8 ተሸንፋ ወደ ቤቷ ሄደች።

እነዚህን ሁለት ምሽቶች አንድ የሚያደርጋቸው ዳኞቹ ዓይነ ስውር መሆናቸው አይደለም። ሁለቱም አይተዋል፤ ያዩትንም አልካዱም። ክርክሩ «ተነካ ወይስ አልተነካም?» አልነበረም፤ «ንክኪው ምን ለወጠ?» ነበር። በቴሌቪዥን አሥር ጊዜ ብንደግመው ኳሱን እናያለን፤ ዱላውን እናያለን። «ባይነካው ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» የሚለውን ግን የሚያሳይ ካሜራ እስከዛሬ አልተሠራም። ዳኝነት የሚባለው ነገር የሚጀምረው ካሜራው በሚያቆምበት ቦታ ነው።

ከኦዳ ሥር እስከ ፊሽካ

ቤዝቦል ገና ለጋ በነበረበት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዳኛው ያላየውን ነገር ተመልካች ጠይቆ የሚወስንበት ጊዜ ነበር። ይህን ስናነብ ፈገግ ብለናል፤ የእኛኑ አገር መሰለን። በድሮው ሥርዓት ሁለት የተጣሉ ሰዎች መንገደኛ አስቁመው «ዳኘን» ይሉ ነበር። መንገደኛውም ከዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ «በላ ልበልሃ» ሲባባሉ ይሰማል፤ የተሰበሰበውም ሰው አስተያየት ይሰጣል። በወለጋም የዛፉ ስም ኦዳ ነው። ከአምስቱ የታወቁ የገዳ ኦዳዎች አንዱ፣ ኦዳ ቡሉቅ፣ የሚገኘው እዚሁ ሆሮ ጉዱሩ ውስጥ ነው። ሽማግሌዎች በጃርሱማ የተጣሉትን ሲያስታርቁ ዛሬም ያንን የዛፍ ሥር ልማድ ይዘው ነው።

በዚህ ባህል ውስጥ «ሳያስበው ቢሆንስ?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ከቤዝቦሉ ጋር መቀራረቡ ያስገርማል። በጉማ ሥርዓት አስቦ ነፍስ ያጠፋና ሳያስብ ነፍስ ያጠፋ እኩል አይከፍሉም። ሳያስብ ያጠፋው ግን «ሳላስበው ነው» ብሎ እጁን አራግፎ አይሄድም። የተበላሸ ነገር አለ፤ መጠገን አለበት። ልብን መመርመር አንድ ነገር ነው፤ የጎደለውን መሙላት ሌላ ነገር ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችንም፣ እሱን የተካው የ1996ቱም፣ «አስቦ» እና «በቸልተኝነት» ብለው ይለያሉ፤ በቸልተኝነት ያደረገውን ግን ዝም ብለው ነፃ አይሉትም።

አሁን ወደምናውቀው ኳስ እንምጣ። የእግር ኳስ ሕግም ይህንኑ ጉዞ ሄዷል። እ.ኤ.አ. እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ ዳኛው ለጥፋት «ሆን ብሎ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው «በቸልተኝነት ነው? በግድየለሽነት ነው? ከልክ ባለፈ ኃይል ነው?» ሆነ። ዳኛው ከልብ መርማሪነት ወደ አካል ተመልካችነት ተዛወረ ማለት ነው።

መንገድ መዝጋትን በተመለከተ ደግሞ የእግር ኳስ ሕግ 12 የሚለው ነገር የመቺውን ሳጥን የጻፈው ሰው የጻፈው ይመስላል። ማንኛውም ተጫዋች በቆመበት ቦታ የመቆም መብት አለው፤ በባላጋራ መንገድ ላይ መገኘትና ወደ ባላጋራ መንገድ መግባት ግን አንድ አይደሉም። ወደ መንገዱ ገብተህ ሳትነካው ካሰናከልከው ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ነው። ነክተህ ካሰናከልከው ቀጥተኛ ነው። ቆመህ ከነበረና እሱ ከመጣብህ፣ ቆመሃል እንጂ አልዘጋህም።

ኦፍሳይድስ? በኦፍሳይድ ቦታ መገኘት በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ይህ በሕጉ ውስጥ በግልጽ ተጽፏል። ጥፋት የሚሆነው በጨዋታው ከተሳተፈ፣ ባላጋራን ካሰናከለ ወይም ከቦታው ከተጠቀመ ነው። ግቡ ፊት የቆመው አጥቂ ኳሱን ባይነካም የበረኛውን ዕይታ በግልጽ ከጋረደ ጥፋተኛ ነው። ከበረኛው ዕይታ ውጪ ጫማውን እያሰረ ከሆነ አይደለም። ይህች «ጋረደው ወይስ አልጋረደውም?» የምትባለው ነገር ናት ከየዲኤስቲቪ ቤቱ እስከ ነቀምቴ ስታዲየም ድረስ ድምፃችንን የምታዘጋው። መስመር ዳኛው ባንዲራውን ካነሳ «ሌባ!»፤ ካላነሳም «ሌባ!»።

ሌባው ማን ነው?

በቤዝቦል ሌባ የሚባለው ሯጩ ነው። በእኛ ሜዳ ሌባ የሚባለው ዳኛው ነው። ቀልድ ብቻ ቢሆን ስቀን ባለፍነው። ነገር ግን በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ላይ በአገራችን ከፍተኛው ሊግ ዳኛ በሜዳ ላይ ተደብድቦ ፕሪሚየር ሊጉ ላልተወሰነ ጊዜ እስከ መቋረጥ ደርሷል። ይህ የሆነው ፖሊስና ካሜራ ባለበት ነው። ፖሊስም ካሜራም በሌለበት፣ በክረምት የሰፈር ውድድር፣ በጭቃ ሜዳ ላይ ፊሽካ የሚይዘውን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አስቡት። ነቀምቴ ከጊምቢ፣ ነጆ ከመንዲ ሲጋጠሙ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ያሸንፋል?» አይደለም፤ «ዳኛው የየት ልጅ ነው?» ነው። ፍርዱ ከመሰጠቱ በፊት ፈራጁ ተፈርዶበታል።

ዳኝነት ደግሞ ለእኛ አገር ልጅ የማይደረስበት ሕልም አይደለም። በአምላክ ተሰማ እ.ኤ.አ. በ2018 የሩሲያው የዓለም ዋንጫ ከተመረጡት የአፍሪካ ዳኞች አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ደግሞ ኤስፔራንስ አል አህሊን 3 ለ 0 ያሸነፈበትን የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የፍጻሜ የመልስ ጨዋታ ቱኒዝያ ላይ ዳኝቷል። ያ ጨዋታ ምን ያህል የጋለ እንደነበር ለማስታወስ ከሳምንት በፊት የተደረገውን የመጀመሪያ ጨዋታ ማስታወስ ይበቃል፤ የአል አህሊው አጥቂ ተከላካይ እንደጎተተው ለማስመሰል የራሱን ማሊያ ቀድዶ በኋላ ታግዶበታል! ከምዕራቡ አገራችን ደግሞ የጅማዋ ልጅ ሊዲያ ታፈሰ አለች፤ ከቅርጫት ኳስ ተጫዋችነት ተነስታ እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2019 በሴቶች የዓለም ዋንጫ ፊሽካ የያዘች። ጅማና ነቀምቴ ጎረቤት ናቸው። ቀጣዩዋ ሊዲያ ከነቀምቴ ወይም ከደምቢ ዶሎ የማትወጣበት ምክንያት የለም። እርግጥ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ድንጋይ ወርውረን ካላባረርናት።

ለዚህ ነው ከሩቅ አገር የመጣ የዱላ ጨዋታ ሕግ ይዘን የመጣነው። የመቺው ሳጥን ሦስት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ የሰውን ልብ ተወውና እንቅስቃሴውን እይ፤ «አውቆ ነው!» የሚለው ጩኸት በአብዛኛው ለፍርዱ አስፈላጊ አይደለም። ሁለተኛ፣ ቆሞ መገኘትና መዝጋት ይለያያሉ፤ ስለዚህ «እዚያ ነበረ!» ብቻውን ክስ አይሆንም። ሦስተኛ፣ የፍርዱ ዓላማ አንዱን ማዋረድ ሳይሆን ነገሩን ወደነበረበት መመለስ ነው። «ሯጮቹ ወደነበሩበት ይመለሱ»፤ በደረሰው ነገር ማንም አይጠቀም። ይህችን የመጨረሻዋን ከኦዳ ሥር ያሉ አባቶቻችን ከአሜሪካኖቹ በፊት ያውቋት ነበር። የረሳናት እኛ ነን፤ ስታዲየም ስንገባ በር ላይ ጥለናት የምንገባ።

አንድ ተግባራዊ ሐሳብ አለን። በየከተማችን የክረምት ውድድር የሚያዘጋጁ ኮሚቴዎች የቡድን ማሊያ ለመግዛት ከሚያዋጡት ብር ላይ ጥቂት ቀንሰው፣ ከመክፈቻው ጨዋታ በፊት ለተጫዋቾችና ለደጋፊ መሪዎች የግማሽ ቀን የሕግ ትምህርት ያዘጋጁ። አስተማሪውም ራሱ ዳኛው ይሁን። ላሪ ባርኔትን ለዛቻ የዳረገው ውሳኔው ብቻ አልነበረም፤ ውሳኔው የቆመበትን መመሪያ ከዳኞች በቀር ማንም አለማወቁ ጭምር ነበር። ሰው በማያውቀው ሕግ ሲሸነፍ የተዘረፈ ይመስለዋል። በሚያውቀው ሕግ ሲሸነፍ ግን ቢበዛ ይናደዳል፤ ተናዶም ቡና ጠጥቶ ይገባል።

ደጋፊ ሆነን ስንሄድ ደግሞ «ሌባ!» ከማለታችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ፤ ተንቀሳቀሰ ወይስ ቆሞ ነበር? አሰናከለ ወይስ አላሰናከለም? ባይኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መልሰን እስክንጨርስ ጨዋታው ቀጥሏል፤ የምንጮህበትም ሰዓት አልፏል። ካላለፈ ደግሞ ጩኹ፤ ቢያንስ ምን እንደምትሉ አውቃችሁ ትጮኻላችሁ።